ለሞዴል መኪና ጣሪያ ተብሎ የሚሸጠውን የቪኒል ልጥፍ ከመግዛታችሁ በፊት

ለፕላስቲክ ሞዴል መኪኖች ጣሪያ ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጠውን፣ ከጀርባው ማጣበቂያ ያለውን የቪኒል ልጥፍ ለማዘዝ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። እኔ ሁለት እሽግ በ38 ዶላር ገዝቼ አንዱን እዚህ ሜሪላንድ በራሴ ሞዴል ላይ ለጠፍሁ፤ ሁለተኛውን አዲስ አበባ ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ በሰው እጅ ላክሁ። የእኔ ሞዴል ተበላሽቷል፤ የእሱ ደግሞ ሥራውን ሳይጀምር ደውዬ ስላስቆምሁት ለጥቂት ተርፏል። ያው ዕቃ በሌላ ስምና በሌላ ማሸጊያ ሲሸጥ ስላየሁ፣ የአንዱን ሻጭ ስም ጠቅሼ ሌላውን ነጻ ማውጣት አልፈልግም።

የቪኒል ጣሪያን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች የብረቱን ጣሪያ ቆዳ በሚመስል ቪኒል እየሸፈኑ በተጨማሪ ዋጋ ይሸጡ ነበር፤ ዓላማውም መኪናው የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ ያለው እንዲመስል ነው። የ1962ቱ ፎርድ ተንደርበርድ ላንዳው ከቀደሙት አንዱ ሲሆን፣ ፕሊመዝ በ1969 እና በ1970 አበባ የታተመበት ጣሪያ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን መኪና በ1/25 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 25 ጊዜ አሳንሶ ለሚሠራ ሰው አስቸጋሪው ክፍል ይህ ጣሪያ ነው፤ ደቃቁን የቆዳ ሸካራነት፣ ደብዘዝ ያለውን ወዝና ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱትን የስፌት መስመሮች ባንድ ላይ ማሳየት ይጠበቅበታልና።

የማስታወቂያው ፎቶግራፍ ጥቁር ጣሪያ ያለው የ1969 ዶጅ ቻርጀር ነበር፤ እኔም በዚያው ሳምንት የጀመርሁት እሱኑ ነው። ከሥሩ ዕቃው እውነተኛ ቪኒል ስለሆነ ጣሪያውም እውነተኛ እንደሚመስል ተጽፏል። አሳሳቹ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ ቪኒል ከመኪናው ጋር አብሮ አያንስም። በእጄ የገባው ልጥፍ ላይ ያሉት ጉብታዎች ወደ 0.5 ሚሊሜትር ይሰፋሉ፤ በ25 ሲባዛ 12.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ማለት በትልቁ መኪና ላይ እያንዳንዱ ጉብታ ሽምብራ ያክላል ማለት ነው። የ1 ሚሊሜትር ጉብታ ያለውን እውነተኛ ጣሪያ በ1/25 ለማሳየት ከተፈለገ ጉብታው 0.04 ሚሊሜትር ብቻ መሆን አለበት፤ ይህ ከአብዛኛው ሰው የራስ ጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው። የልጥፉ ውፍረትም 0.3 ሚሊሜትር ስለሆነ በትልቁ መኪና ሲሰላ 7.5 ሚሊሜትር ይደርሳል። ለጥፌ ስጨርስ ቻርጀሩ እህል የተሰጣበት ቆርቆሮ ቤት መሰለ።

ፎቶግራፉን ዛሬ አጉልቼ ስመለከተው በላዩ ያለው ጣሪያ ልጥፍ ሳይሆን በቀለም የተሠራ ይመስለኛል። ከመስኮቶቹ በላይ ባለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ጠርዝ ላይ ጥቁሩ ያለ አንዳች ውፍረት ያልቃል፤ ልጥፍ ቢሆን ኖሮ የተቆረጠበት ጠርዝ ይታይ ነበር። ከዚህም ሌላ የቻርጀር የኋላ መስታወት ወደ ውስጥ የገባ ሆኖ ግራና ቀኙ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ስለሚወርድ፣ አንድ ጠፍጣፋ ልጥፍ በዚያ ላይ ሳይጨማደድ ሊተኛ አይችልም። መመሪያው ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ነው። ሞዴሎቹ የሚሠሩበት ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንደሚለሰልስ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ምክር አይሰጥም። እኔ ይህን ስለማውቅ ማድረቂያውን ከሩቅ ነበር የያዝሁት፤ ስለዚህ ጭማደዱ በቦታው ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ጉዳት የመልክ ብቻ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ከሰባት ሳምንት በኋላ ያየሁት ነው። ጠርዙ ሲነሳ ልላጠው ብሞክር ሥር ያለው ቀለም እንደ ማር እየተሳበ አብሮ ተነሳ፤ ከቀለሙ በታች ያለው ፕላስቲክ ራሱ ላዩ ለስልሶ የጉብታዎቹ ቅርጽ ታትሞበታል። ምክንያቱ አዲስ ነገር አይደለም። ለስላሳ ቪኒል ለስላሳ የሆነው ዘይት መሰል ማለስለሻ ኬሚካል ስለተጨመረበት ነው፤ ይህ ኬሚካል ደግሞ ከጊዜ ጋር ከቪኒሉ እየወጣ በሚነካው ፖሊስታይሪን ውስጥ ይገባል። የድሮ ሞዴል ካርቶን ከፍቶ የቪኒል ጎማዎቹ የነኩትን አካል አቅልጠው ያገኘ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። እኔም አይቼ ነበር፤ ይሁንና ጎማው ያደረገውን ልጥፉም ሊያደርገው እንደሚችል አላሰብሁም፤ ለዚህ ከራሴ በቀር የምወቅሰው የለም።

ሻጩ በመጀመሪያ የሰጠኝ መልስ እሽጉ ስለተከፈተ አይመለስም የሚል ነበር። የፕላስቲኩን ፎቶግራፍ ስልክለት ጥፋቱ የቀለሜ እንደሆነ ነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ መልስ አልሰጠኝም። 4 ዶላር ይቀነስልሃል ስለተባልሁ የከፈልሁት በካርድ ሳይሆን በስልክ በቀጥታ በሚላክ ገንዘብ ነበር፤ በካርድ ብከፍል ኖሮ አቤቱታዬን ለባንክ ለማቅረብ እችል ነበር። እንዲህ ያለ ቅናሽ የሚያቀርብ ሻጭ ቅናሹን ለምን እንደሚሰጥ መጠርጠር ነበረብኝ።

አገር ቤት ላላችሁ ጉዳዩ የባሰ ነው። የአጎቴ ልጅ ይህን ልጥፍ የፈለገው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ በቆርቆሮ የታሸገ ስፕሬይ ቀለም ተቀጣጣይ በመሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ ልጥፍ ግን በመጽሐፍ መካከል ተደርጎ ይላካል። ነገር ግን መንገደኛ ተፈልጎ ዕቃው እስኪደርስ ድረስ ሻጩ የሰጠው የ30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አልፎ ነበር። ለመመለስም ሌላ መንገደኛ ያስፈልጋል።

ይህም ሆኖ ለመግዛት ለሚፈልግ ሰው፣ ልጥፉ ከማስመሪያ አጠገብ ተቀምጦ የተነሳ ፎቶግራፍ እንዲጠይቅ እመክራለሁ፤ ውፍረቱንና የተሠራበትንም ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ። መልሱ ቪኒል ወይም ፒ.ቪ.ሲ. (የቪኒል ሌላ ስሙ ነው) ከሆነ፣ ሸካራነቱ የቱንም ያህል ደቃቅ ቢሆን በፖሊስታይሪን ላይ ባይለጥፈው ይሻለዋል።

ስፕሬይ ለምታገኙ ሰዎች ልጥፍ ፈጽሞ አያስፈልጋችሁም። ከጣሪያው በታች ያለውን አካል በማስኪንግ ቴፕ ሸፍናችሁ፣ በመጀመሪያ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መደብ) ቀብታችሁ፣ ቀለሙን ከ35 እስከ 40 ሴንቲሜትር ርቀት በስሱ ብትነፉት፣ ጠብታዎቹ በአየር ላይ በከፊል ስለሚደርቁ ሲያርፉ ደቃቅ ሸካራነት ይፈጥራሉ። ፕራይመሩን አትዝለሉት፤ ጠንካራ ማቅጠኛ ያለው ቀለም ባዶ ፖሊስታይሪን ላይ ሲያርፍ ይሰነጣጥቀዋል። ርቀቱን በሞዴሉ ላይ ከመሞከራችሁ በፊት በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ተለማመዱ። ለስፌቱ የሞዴሉን ትርፍ የፕላስቲክ ዘንግ በሻማ አሙቃችሁ ብትስቡት እንደ ክር ይቀጥናል፤ ከቀለሙ በፊት ይለጠፋል። አንዳንድ ሞዴሎች ሸካራነቱ ከፋብሪካ ተቀርጾባቸው ስለሚመጡ፣ ወፍራም ቀለም እንዳይደፍነው መጠንቀቅ ብቻ ይበቃል።

ስፕሬይ ለሌላችሁ ደግሞ የአጎቴ ልጅ የሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። ከፋርማሲ ቁስል ማሸጊያ የወረቀት ፕላስተር ገዝቶ፣ 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸውን ሦስት ቁራጮች ከፊት ወደ ኋላ ጎን ለጎን ለጠፋቸው፤ ጠርዝ ለጠርዝ በጥቂቱ እንዲደራረቡ ስላደረገ ሁለቱ መደራረቢያዎች የስፌት መስመር ሆኑለት። ትርፉን በምላጭ ቆርጦ በውሃ የሚቀጥን ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ በብሩሽ ቀባው። ለእኔ ዓይን አሁንም በመጠኑ ይሻክራል፤ ከ19 ዶላሩ ልጥፍ ግን እጅግ ይበልጣል። የእኔን ቻርጀር ጣሪያ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት እስከ ፕላስቲኩ ድረስ እየፋቅሁት ነው፤ የጉብታዎቹ ምልክት ከኋላው መስታወት አጠገብ አሁንም ይታያል።