ደብረ ብርሃን ላላችሁ፦ እንግሊዝኛ ያስቸገረው ልጅ ካለ ወደ እኚህ መምህር ውሰዱት

ይህን የምጽፈው የምስጋና ዕዳ ስላለብኝ ነው። ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋለች። እግዚአብሔር ይመስገን! ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግናቸው አንድ ሰው አሉ። ጠባሴ አካባቢ በቤታቸው ልጆች የሚያስጠኑ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ስማቸውን ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው "ተይው ልጄ፣ ስም ምን ያደርግልሻል" አሉኝ። ስለዚህ አልጽፍም። ቤታቸውን ግን ለፈለገ ሁሉ አሳያለሁ።

እህቴ ያደገችው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ጎበዝ ልጅ ናት። ሒሳብ ብትሉ፣ ባዮሎጂ ብትሉ የሚያህላት የለም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ቃላቱ አላስገባ አሏት። ጥያቄውን ብታውቀው እንኳ የተጠየቀችበት ቃል አይገባትም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ የሚሰጥ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የቤተሰቡ ጭንቀት የት የለሌ ነው፤ ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው የተባለ ጊዜ እንኳን ተማሪው እኛ ታላላቆቹም እንቅልፍ አጥተናል። እናም ወደ እኔ አመጣኋት፤ ለአስጠኚ የሚከፈለውን ከየትም ብዬ እከፍላለሁ ብዬ።

ከፈልኩም። ምን አገኘሁበት? አንዱ ጋ ቃላት ከላይ እስከ ታች የተደረደሩበት ፎቶ ኮፒ ይሰጥና "ለነገ ሸምድዱ" ይባላል። በቃ፣ ማስጠናት ማለት ይኼ ነው። ልጅቷ እኩለ ሌሊት ድረስ ስትሸመድድ አድራ ጠዋት ትወጣዋለች፤ በሳምንቱ ስትጠየቅ የለም። ውሃ በወንፊት ነው የሆነባት። ሌላው ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ጥቂት ካስተማረ በኋላ ስልኩን ዘጋ። ይኼንንም ልርሳው። አንጀቴን ያቃጠለኝ ግን ሌላኛው ነው። አንዲት ቃል አጠራሯ ቢያስቸግራት ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት "አንቺ ከየት ገጠር ነው የመጣሽው?" ብሎ አሳቀባት። ቤት መጥታ ጋቢ ተከናንባ ተኛች። ከዚያ ቀን በኋላ እንግሊዝኛ ጮክ ብላ ማንበብ አቆመች፤ እኔ ፊት እንኳን። ቦታውንም ሰውየውንም አልጠራም። እግዜር ይይለት ብቻ።

እኚህን መምህር የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። የመጀመሪያውን ቀን አብሬያት ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሰው ማመን አቅቶኝ ነበር። ቤታቸው ገብተን ሰሌዳው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጥቁር ቀለም የተቀባ የድሮ በር! የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ እህቴን ከሰሉ አጠገብ አስቀመጧት። ደብተር አውጪ አላሏትም። ፈተናም አልሰጧት።

"ምን ያህል እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?" አሏት።

"ምንም አላውቅም" አለች፣ አቀርቅራ።

"ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ?"

"አዎ፣ ሰንበት ተማሪ ነኝ።"

"እንግዲያው ብዙ ታውቂያለሽ። ሲኖዶስ ምንድን ነው?"

"የጳጳሳት ጉባኤ።"

"ቃሉ ግሪክ ነው። 'ሲን' ማለት አብሮ፣ በአንድነት ማለት ነው። ሲኖኒም ተምረሻል?"

"ትርጉማቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ቃላት።"

"ያቺው 'ሲን' ናታ!"

ቀና አለች። ከዚያ ኤጲስ ቆጶስን በሰሌዳው ላይ ጻፉት። ይህም ከግሪክ የመጣ ነው፤ 'ኤጲ' በላይ ማለት ነው፣ የቀረው ደግሞ 'ስኮፖስ' ተመልካች፣ ጠባቂ ነው፤ እኛ ስንጽፈው ነው 'ስ'ዋ ወደ ፊተኛው የሄደችው አሏት። ኤጲስ ቆጶስ ማለት እንግዲህ ከላይ ሆኖ መንጋውን የሚጠብቅ ነው። ቀጥለው "ማይክሮስኮፕስ?" ብለው ዝም አሉ። ጠበቋት። አልቸኮሉም፣ መልሱንም አልነገሯት። እህቴ ሰሌዳውን እያየች ቆየችና "ማይክሮ ትንሽ ነው... ትንሽ ነገር ማያ?" አለች። "ቴሌስኮፕስ? ቴሌ ሩቅ ነው።" "የሩቅ ማያ!" ይህንን ጮክ ብላ ነው ያለችው። ያቺ አፏን ዘግታ የከረመች ልጅ! ጥግ ላይ ተቀምጬ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንዳስረዳ አትጠብቁኝ፤ እኔ ራሴ የገባኝ በግርድፉ ነው። እንደ ዋተር፣ ብሬድ፣ ሀውስ ያሉት የየዕለቱ ቃላት የእንግሊዝኛው የራሱ ናቸው፤ የመማሪያ መጽሐፍና የሳይንስ ቃላት ግን አብዛኞቹ ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ናቸው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ከፈረንሳይኛቸው ጋር ብዙ የላቲን ዘር ገባ፣ በኋላም ሊቃውንቱ ጨመሩበት። ስለዚህ አንድ ስር የያዘ ልጅ ብዙ ቃል ያገኛል። ከካርቶን ቆራርጠው ካርድ ሠርተዋል፤ በአንድ በኩል ስሩ፣ በሌላው ልጁ ራሱ ያገኛቸው ቃላት። 'ፖርት' መሸከም ነው፤ እህቴ መናኸሪያ ስንሄድ "ትራንስፖርት፣ ኢምፖርት፣ ኤክስፖርት፣ እትዬ ሁሉም እኮ መሸከም ነው" እያለች መንገዱን ሁሉ ጨረሰችው። 'ሩፕት' መስበር ነው አለችኝ ሌላ ቀን፤ ኢንተራፕት ወሬ ማቋረጥ፣ ኮራፕሽንም ከእሷው ነው የመጣው።

ደስ የሚለኝ ደግሞ የማይሆነውን አይሆንም ማለታቸው ነው። እህቴ 'ፔድ' እግር መሆኑን ከፔዳልና ከፔዴስትሪያን ተምራ፣ ፒዲያትሪክስ የሚል ቃል ስታገኝ "የእግር ሕክምና" ብላ መለሰች። ያ ሰውዬ ቢሆን ምን እንደሚላት አስቡት። እሳቸው ግን "አስበሽ ነው የመለስሽው፣ ጎሽ! ይኼኛው ግን ግሪክ ነው፣ ሕፃን ማለት ነው፤ የሕፃናት ሕክምና ነው" አሏት። ስሩ ግምት ይሰጣችኋል፣ ግምቱን በዓረፍተ ነገሩ አረጋግጡ፣ ካልሆነ መዝገበ ቃላት ግለጡ፣ ይሏቸዋል ሁልጊዜ። ዝም ብሎ ሸምድዱ ከሚል ጋር ምን ያገናኘዋል?

ትንሽ ከጉዳዩ ልውጣና፣ እናታችን ጨጓራዋን ታማ ከመንዝ መጥታ ነበር። ሐኪም ቤት የሰጧትን ወረቀት እህቴ ተቀብላ አየችው። "ጋስትራይተስ። ጋስትሮ ሆድ፣ ጨጓራ ነው፤ አይተስ መቆጣት ነው፤ ሄፓታይተስ ጉበት ላይ፣ ዴርማታይተስ ቆዳ ላይ። እማዬ፣ ጨጓራሽ ተቆጥቷል ነው የሚለው" አለቻት። እማዬ ወረቀቷን ከእጇ ወስዳ አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና "የኔ ልጅ ፈረንጅኛ ፈታችልኝ" እያለች መሐል ሜዳ እስክትመለስ ለሰው ሁሉ ስታወራ ከረመች። እኔ ለዚህች ብቻ መምህሩን ዕድሜ ይስጥልኝ እላለሁ።

ክፍያቸውን ስትሰሙ አታምኑም፤ እዚህ መጻፉ እሳቸውን ያስቀይማቸዋል ብዬ ተውኩት። መክፈል ያልቻለ ልጅ እንደሌሎቹ እኩል ሲማር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ልጆቹ ራሳቸው አያውቁም። ውጤት የመጣ ቀን ደውዬ ሳመሰግናቸው "እሷን ነው ማመስገን፣ የለፋችው እሷ ናት" አሉኝ። አይደለም ጋሼ። እሷ ድሮም ትለፋ ነበር። እርስዎ ነዎት አንገቷን ቀና ያደረጓት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ያክብርልኝ!

እናንተም ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ከጫጫም ከደነባም እየተመላለሰ የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን የትም አትበትኑ። በተለይ ልጃችሁ "እንግሊዝኛ አልችልም" ብሎ ተስፋ ቆርጦ ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ፣ ውሰዱት። ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ልጅ አይቀበሉም፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ቦታ አይገኝም፣ ከወዲሁ ተመዝገቡ። ባዶ ደብተርና እርሳስ ይዞ መምጣት ይበቃል፣ መጽሐፍ ግዙ አይሉም። ቤታቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሥራ ላይ ከሆንኩ ልዘገይ እችላለሁ እንጂ ለሁላችሁም እመልሳለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ ራሴ ይዣችሁ እሄዳለሁ።