ስኩተር ዳገት ላይ ሲደክም፦ ካንዴላውን ማየት ወይስ ካርቡሬተሩን መፍታት?
በሜዳ ደህና እየሄደ ወደ ጅማው የጅሬን ዳገት ሲታጠፍ ጉልበት የሚያጣ ባለካርቡሬተር ስኩተር ምርመራው ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው ካንዴላ ወይም ቤንዚንን ከአየር ከሚደባልቀው ካርቡሬተር ሊጀመር ይችላል።

ካንዴላ መንቀል አንድ ቁልፍና አሥር ደቂቃ ቢበቃውም፣ ስኩተሩ ቆሞ ሞተሩ ሲንጎራጎር ከቆየ በኋላ የሚታየው ቀለም ስለሚያሳስት፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ዳገቱን ከወጡ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋትና ሲበርድ መንቀል ያስፈልጋል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ደህና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛትን ወይም የአየር ማጣሪያ መታፈንን፣ ንጣት ደግሞ የቤንዚን ማነስን ያመለክታል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ በመሆኗና አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ጥላሸት ቢያበዛ አያስገርምም።

ካርቡሬተር መፍታት ግን ምርመራም ጥገናም ነው። በቆየ ቤንዚን የተደፈነን ቀጭን ቀዳዳ ያለ እርሱ ማጽዳት አይቻልም፤ ሆኖም የድብልቁን ቡሎን ስንት ዙር እንደነበረ ሳይቆጥሩ መፍታት የችግሩን ምልክት ያጠፋል። እኔ ራሴ ግማሽ ቀን ፈትቼ ከገጠምሁ በኋላ ጥፋቱን ያገኘሁት በአቧራ በታፈነው ማጣሪያ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ካንዴላውን አስቀድማለሁ፤ ለወራት ቆሞ የከረመ ስኩተር ከሆነ ብቻ ከካርቡሬተሩ እጀምራለሁ። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ግን ሁለቱንም ትቶ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያስተላልፈውን ቺንጋ ማየት ይሻላል።