በሽርጥ የሚነዳ ሳይክል

ፍርዴን ከፊት ላስቀድም። ዕድሜያችሁ ከስልሳ ካለፈና የምትኖሩት ሜዳ ከተማ ከሆነ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ ሳይክል ግዙ። ደሴ ከሆናችሁ ግን ትንሽ ታገሱኝ፣ እመጣበታለሁ።

እኔ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ፣ 67 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፣ በኤሌክትሪክ ጥገና። ወደ ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነበር፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አልተውኩም። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ሳይክል ያስለምዳል። የድሮዋ ሳይክሌ ያቺ ከመሪ እስከ መቀመጫ አግድም ብረት የተዘረጋባት ናት። ጉልበቴ ደህና ነው። ያስቸገረኝ ዳሌዬ ነው። እግርን ወደ ኋላ አንስቶ ከመቀመጫው በላይ ማሳለፍ ለወጣት ምንም ነው፣ ለኔ ግን ጠዋት ጠዋት ጭንቅ ሆነ። ሰው ከሳይክል የሚወድቀው ሲነዳ ይመስለዋል። በኛ ዕድሜ የሚወደቀው ሲወጣና ሲወርድ ነው። ኋላ ላይ ዕቃ ካለማ አይጣል ነው። አንዱ እግር መሬት፣ አንዱ አየር ላይ ሆኖ ሳይክሏ ማዘንበል ስትጀምር የሚይዛት የለም።

አዲሷ ቻይና ሠራሽ ናት። ልጄ አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ገዝቶ በአይሱዙ ላከልኝ። 82,000 ብር፣ የማጓጓዣው ለብቻ። ጎማዋ 26 ኢንች፣ ባትሪዋ ሊትየም፣ 48 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት ነው። ሞተሯ 250 ዋት ሲሆን የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ተቀምጧል። ቁጥሩን የጻፍኩት ለሚገባው ነው። ሻጮች የሚያወሩትም ስለዚሁ ስለ ዋት ነው። ለሽማግሌ ግን ዋናው ነገር ሞተሩ አይደለም፣ መሃሏ ዝቅ ማለቱ ነው። ሞተሯን ነቅላችሁ ብትወስዱብኝ እንኳ ወደ ድሮዋ አልመለስም። ቆሜ፣ አንድ እግሬን በመሃል አሳልፌ፣ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። በቃ። መንገድ ላይ ድንገት ፍየል ቢገባብኝ ሁለቱንም እግሬን መሬት አደርጋለሁ።

ደግሞ ሽርጥ አለ። እኔ ከፋብሪካ ከወጣሁ ወዲህ ሱሪ የምለብሰው ለቢሮ ጉዳይ ብቻ ነው። በድሮዋ ሳይክል ሽርጥ ለብሶ መውጣት ነውር ነው፣ የሚታየው ነገር አይጠቅምም። በዚህችኛዋ ለሱብሒም ለጁምዓም በሽርጤ እሄዳለሁ። ግን ስትገዙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ካቴናው ሙሉ መሸፈኛ ይኑረው። ሁለተኛ፣ የኋላው ጎማ ግራና ቀኙ ልብስ እንዳያስገባ መከለያ ይኑረው። የኔዋ ካቴናዋ ከላይ ብቻ ነበር የተሸፈነው። ብየዳ ቤት ወስጄ በቀጭን ላሜራ አስዘጋሁት። ቀሚስና ነጠላ ለሚለብሱ እናቶችም ይኸው ነው።

የባጃጅ ልጆች መጀመሪያ ሰሞን አላስቀመጡኝም። «አባባ፣ የማንን ሴት ሳይክል ይዘው መጡ?» ይላል አንዱ። «የናትህን» ብዬው ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። አሁን እሱው ራሱ መንገድ ይለቅልኛል።

ስለ አነዳዷ። አምስት የእገዛ ደረጃ አላት። ፔዳሉን ግማሽ ዙር ያህል ስታዞሩ ሞተሩ ይነሳና ያግዛችኋል። የኔዋ የምታውቀው ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው፣ በስንት ጉልበት እንደረገጣችሁት አታውቅም። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ብትረግጡም የመረጣችሁትን ደረጃ ያህል ትገፋለች። ኮብልስቶን ላይ፣ ሰው መሃል፣ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሆናችሁ ከተነሳችሁ ታስደነግጣለች። ሁልጊዜ በአንድ ተነሱ። የአረጋገጥን ጉልበት የሚለካ ሴንሰር ያላቸው አሉ፣ እነሱ ለስላሳ ናቸው፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ገንዘብ ካላችሁ እሱን ግዙ። ፍሬኑ ግን ደስ ይላል፣ ሁለቱም ዲስክ ናቸው። የፍሬኑን እጀታ ገና ስትነኩት ሞተሩ ይቋረጣል። ይህ የሌለውን በፍጹም አትግዙ። ሱቁ ውስጥ የኋላ ጎማውን አንስታችሁ፣ እያዞራችሁ ፍሬኑን ጫን አድርጉ፣ ታዩታላችሁ።

የመቀመጫው ከፍታ ላይ ሰው ይሳሳታል። ሁለቱም እግር ሙሉ በሙሉ መሬት እንዲደርስ ብሎ በጣም ዝቅ ያደርገዋል። ያኔ ፔዳል ሲመታ ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ማታ ያማል። የእግራችሁ ጣቶች መሬት ከነኩ በቂ ነው፣ መሃሏ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመቆም አያስቸግርም።

ሱቁ በአንድ ቻርጅ 70 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎ ነበር። ውሸት ነው። ምናልባት ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ልጅ፣ ነፋስ በሌለበት ሜዳ፣ በአንደኛ ደረጃ ቢነዳት። በኔ አነዳድ፣ በሁለትና በሦስት እየቀያየርኩ፣ 35 ካገኘሁ አልሐምዱሊላህ ነው። እሱም ከበቂ በላይ ነው። ከሸሻ በር ተነስቼ ገበያ ደርሼ፣ በበርበሬ ወንዝ በኩል ዞሬ ብመለስ እንኳ ባትሪው አይነካም ማለት ይቻላል።

የመብራት ወጪዋን ለሚጠይቁኝ ሚስቶች መልሴ አንድ ነው። ባዶ ባትሪ ለመሙላት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ከትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል። እንግዲህ አስሉት፣ አንድ ሙሉ ቻርጅ ማለት አሥር ደቂቃ ያህል የተሰካ ምጣድ ነው። ምጣዱ ገና ሳይግል!

ችግሩ የመብራቱ መሄድና መምጣት ነው። ባትሪው በቁልፍ ተፈትቶ ቤት የሚገባ ዓይነት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ መብራት ባለበት ቤት ይዞ መሄድ ይቻላል። ሦስት ኪሎ ገደማ ነው፣ በፌስታል ይያዛል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉት። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እስኪረጋ ጠብቃችሁ ሰኩ። ደግሞ በአሮጌ ሙያዬ አደራ የምለው፣ የኔዋ የ48 ቮልት ሊትየም ባትሪ ቻርጀር ሲሞላ የሚቆመው 54.6 ቮልት ላይ ነው፣ የሌላው ሊለይ ይችላል። ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። «መሰኪያው ገጥሟል» ተብሎ የሌላ ሞተር ቻርጀር አይሰካም። ቤት ይቃጠላል። ባትሪውንም የኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ሙቀት ያስረጀዋል።

አሁን ደሴ። እህቴ እዚያ ስላለች ሁሉም የሚጠይቀኝ «ሐረጎን ትወጣለች ወይ?» እያለ ነው። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። እኔ፣ ሳይክሏና ዕቃዬ ስንደመር 105 ኪሎ ያህል ነን። ይህን ክብደት 650 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ 186 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የሞተሩ ብክነት፣ የጎማው ፍትጊያና ነፋሱ ሲጨመር ከ300 ያልፋል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን 480 ይይዛል። በወረቀት ላይ ታደርሳለች ማለት ነው። ሞተሯ ግን ሌላ ነው። እምብርት ውስጥ ያለ ሞተር ዳገት ላይ ዙሩ ሲቀንስ የሚበላው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ይሆናል፣ ማረፊያ ደግሞ የለም። የፋብሪካ ሞተር ሲቃጠል ምን እንደሚሸት አውቃለሁ፣ በገንዘቤ ልሽተተው አልፈልግም። ሲወረድም ያው ነው። የኔዋ ቁልቁለት ላይ ባትሪ አትሞላም፣ ሁሉንም የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። ከኋላ ደግሞ የጅቡቲ ተሳቢ ይመጣል። እህቴን ለመጠየቅ ሚኒባስ አለ።

ደሴ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው፣ ሞተሩ ፔዳሉ መሃል የሆነውን ፈልጉ ነው የምለው። እሱ የሳይክሉን ማርሽ ስለሚጠቀም ዳገት ላይ ይሻላል። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው።

የማልወድላት ነገር ክብደቷን ነው። 29 ኪሎ ናት። የግቢዬ በር ደፍ ከፍ ያለ ነው፣ ልጆች ከሌሉ አላስገባትም ነበር። አሁን በሲሚንቶ ተዳፋት አሠራሁ። አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ በእግር እርምጃ ፍጥነት ራሷን የምትገፋበት መላ አላት፣ ተዳፋቱ ላይ እሱ ያግዛል። ባትሪዋ ድንገት ቢያልቅ ግን ሜዳ ላይም ከባድ ናት።

ሌላው፣ ድምፅ የላትም። ከኋላ ስትመጡ ሰውም አህያም አይሰማም። ደወሏ የመጫወቻ ስለሆነ የድሮዋን ደወል ፈትቼ ገጠምኩላት። ጎማ ሲተነፍስ ማንኛውም ጎሚስታ ይሠራዋል፣ የኋላው ላይ ግን የሞተሩ ሽቦ ስላለ መጀመሪያ ሶኬቱ መነቀል አለበት። ቆማችሁ አሳዩት፣ ካልሆነ ይበጥሰዋል። የፍሬን ሸራ ኮምቦልቻ አላገኘሁም፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። አብራችሁ ተጨማሪ ግዙ።

ሰው ትጭናለች ወይ ላላችሁኝ፣ የኋላ መጫኛዋ ላይ 25 ኪሎ የሚል ተለጥፏል። የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት አደርስበታለሁ። ሚስቴን አንድ ቀን ሱቅ ድረስ ልውሰድሽ ብያት፣ «አብሽር፣ ባጃጅ አለ» አለችኝ።