ውሃ ሲገባ እጅ ላይ መኖር ያለበት ዊል

ሙዚየም፣ ቤተ መዛግብት ወይም ጥንታዊ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ዕቃ ግዙና አስቀምጡ። ስሙ ኢመርጀንሲ ሪስፖንስ ኤንድ ሳልቬጅ ዊል (የአደጋ ጊዜ ምላሽና የዕቃ ማዳኛ መንኮራኩር እንደማለት) ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ወጣ። በእጅ የሚሽከረከር ክብ ካርድ ነው። አንዱ ፊት አደጋ ሲደርስ ምን ከምን እንደሚቀድም ይናገራል። ሌላው ፊት ዘጠኝ ዓይነት ስብስቦችን ይዟል፤ መጻሕፍትና ወረቀት፣ ፎቶግራፍ፣ ሥዕል፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የቤት ዕቃ እያለ ይቀጥላል። አዙራችሁ የያዛችሁት ዕቃ ላይ ስትደርሱ መመሪያው ይመጣላችኋል። በቃ።

እኔ ከሁሉም የወደድኩለት «አታድርጉ» ማለቱን ነው። የምሠራበት ሙዚየም የዕቃ ክፍል ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ሰው ሁሉ ለመርዳት ተሯሯጠ። መጀመሪያ መብራቱ ከቆጣሪው ጠፋ፤ ዊሉም ከዕቃው በፊት የሰው ደህንነት ይላል። ከዚያ አንድ ባልደረባችን የራሰ መዝገብ ገልጦ በፎጣ ሊጠርግ ሲል ሌላዋ ዊሉን አሳየችው። የተዘጋውን አትክፈቱ፣ የተከፈተውን አትዝጉ ይላል። ውሃ የጠጣ ወረቀት ያብጣል፤ ሲነኩት ይቀደዳል። ቅርስን የሚያበላሸው ውሃው ብቻ አይደለም፤ የደግ ሰው ችኮላም ነው።

ፎቶዎቹ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበሩ። ሁለት የሠርግ ፎቶዎች ፊት ለፊት ተጣብቀው ነበር። እንደዚያው ቢደርቁ ሲላቀቁ ምስሉ አብሮ ይነሳል። ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስገባናቸውና ጠበቅን። መጀመሪያ አንዱ ጥግ ላላ። ቀስ በቀስ የሙሽራዋ ቬሎ ብቅ አለ። ማንም በጥፍሩ አልነካቸውም።

ዊሉ ደጋግሞ የሚያነሳው ቁጥር 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሻጋታ ይመጣል። መጻሕፍትና ወረቀትን በጊዜው ማድረቅ ካልተቻለ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ነው። መጽሐፍ በረዶ ውስጥ ይገባል ስል የሚደነግጥ ሰው አለ፤ ግን የተፈተነ መንገድ ነው። ኒውዮርክ ግዛት ያለው የኮርኒንግ የመስታወት ሙዚየም በ1972 በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ውሃ የነካቸውን መጻሕፍት በረዶ ቤት አስገብቶ ጊዜ ገዝቷል።

የማልወድለትም አለ። ፊደሉ ትንሽ ነው። መብራት በሌለበት በእጅ ባትሪ ማንበብ ዓይን ያደክማል። ዊሉ ፎጣ፣ ፕላስቲክ ሳጥን፣ ጓንትና መምጠጫ ወረቀት አያመጣም፤ አስቀድማችሁ አንድ ቦታ አከማቹ። የቅርስ ጥገና ባለሙያም አይተካም። በተለይ የራሰ ብራና ካላችሁ ዊሉን አስቀምጡና ስልክ አንሱ፤ ብራና ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጨማደዳል፣ መመለሱም ከባድ ነው።

በስልክ የሚሠራ አፕም ወጥቶለታል። እኔ ግን ቻርጅ የማያልቅበትን ካርድ እመርጣለሁ።

ስትገዙ ሁለት ግዙ። አንዱ የዕቃ ክፍሉ በር ላይ ይሰቀል፤ ሌላው ጥበቃው ጋ ይሁን። ቧንቧ ሌሊት ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። የዋናው ውሃ መዝጊያ ያለበትን ቦታና የባለሙያውን ስልክም ጽፋችሁ አጠገቡ ለጥፉለት።