ዝርዝርን በአምድ ለመደርደር፦ ኮለም፣ አውክ ወይስ ፒአር?

ጎንደር ውስጥ ከመተማ የሚመጣ ሰሊጥ መዝገብ የምትይዙ ወይም የተማሪ ስም የምትደረድሩ ከሆነ ይህ ንጽጽር ለእናንተ ነው። ኮለም (column)፣ አውክ (awk) እና ፒአር (pr) በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ የሚጻፉ ትእዛዞች ናቸው፤ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ። ዋጋ ስለማያለያያቸው እኔ የማየው ፊደላችንን እንዴት እንደሚቆጥሩ ነው።

የእኔ ምርጫ ኮለም ነው። «ዳሽ ቲ» (-t) ስትሉት በየአምዱ ያለውን ረጅሙን ጽሑፍ ለክቶ ሰንጠረዡን ራሱ ያስተካክላል። ግን ተጠንቀቁ፤ ካልነገራችሁት ባዶ ቦታን የአምድ መለያ ያደርገዋል። የእኛ ስም ደግሞ ከነአባት ነው የሚጻፈው። «አበበ ከበደ» ሁለት አምድ ይሆናል። አያት የተጨመረለት ሰው ካለ ከስሙ ቀጥለው የተጻፉት ኩንታሉም ብሩም አንድ አምድ ወደ ቀኝ ይሸሻሉ። ስለዚህ ፋይሉን በኮማ ለዩ፤ «ዳሽ ኤስ» (-s) ብላችሁ ኮማውን ንገሩት። የሊኑክሱ ኮለም በትልቁ «አር» (-R) ብሩን ወደ ቀኝ ያስጠጋል። የማክ ኮምፒውተሩ ኮለም ይህ የለውም። ይባስ ብሎ ባዶ የተተወ አምድን ይዘለዋል። ያልከፈለ ሰው መስመር ላይ የቀጣዩ አምድ ቁጥር ገብቶ ቁጭ ይላል! ለሒሳብ ሥራ ይህ አደገኛ ነው።

ድምርም ለሚፈልግ አውክ ይሻላል። የአምዱን ስፋት ግን ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ብዙ ጊዜ ከኡቡንቱ ጋር የሚመጣው ማውክ (mawk) የተባለው የአውክ ሥሪት ደግሞ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ማለትም የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ፣ ነው። ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) በተባለው የፊደል ማስቀመጫ ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «አዘዞ» 9፣ «ጎንደር» 12 ሆነው ይታዩታል። የ10 ቦታ አምድ ስጡት፦ ከአዘዞ በኋላ 1 ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ከጎንደር በኋላ ግን ምንም። የሚቀጥለው ቁጥር ከስሙ ጋር ይጣበቃል። ጋውክ (gawk) የተባለውን ሌላ የአውክ ሥሪት ጫኑ፤ የሲስተሙ ቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ 8 ከሆነ በፊደል ይቆጥራል።

ፒአር የወረቀት ሰው ነው። ገጹን በ66 መስመር ይከፍላል፤ አናቱ ላይ ቀን፣ የፋይል ስምና የገጽ ቁጥር ይጽፋል። በላቲን የተጻፈ ረጅም ዝርዝርን በ3 አምድ አድርጎ ወረቀት ይቆጥባል። በአማርኛ ግን የተለመደው የሊኑክስ ሥሪት አምዱን ያዛባዋል። ለእኛ ዝርዝር አልመክረውም።

ኮለምን መርጣችሁም መስመሩ ተወላግዶ ከታያችሁ ፎንቱን ተመልከቱ። ብዙ ተርሚናሎች ላይ የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ይሰፋል። ያኔ ቁጥሮቹን ወደ ፊት አምጡና ስሙን የመጨረሻው አምድ ላይ አድርጉት።