የካምፐር ቫን ትልልቅ ጎማዎች ሚዛን ላይ

ከባዱ ፊያት ዱካቶ፣ ማክሲ የሚባለው፣ ላይ የተሠራ ካምፐር ቫን (ውስጡ እንደ ቤት የተደራጀ ቫን) አብዛኛውን ጊዜ የሚጫማው 225/75 አር 16 ነው፤ ስፋቱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 75 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው። በብዛት ከሚቀርቡለት ቅያሪዎች አንዱ ባለ 18 ኢንች አሎይ ቸርኬ ከ255/55 አር 18 ጎማ ጋር ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ፓራፋንጎውን ሞልቶ ይቆማል፣ ገዢውም መኪናዬ ከፍ አለች ይላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የፋብሪካው ጎማ ሙሉ ቁመት 744 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 738 ነው፤ መኪናዋ ከፍ ልትል ቀርቶ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብላለች። ድንጋይና ጉድጓድ የሚውጠው የጎማው ጎን ከ169 ወደ 140 ሚሊ ሜትር አጥሯል። ከሁሉ የሚብሰው ጭነቱ ነው። ይህ መጠን በብዛት የሚገኘው በጭነት ቁጥር 109 ነው፤ በአንድ ጎማ 1,030 ኪሎ፣ በአክስል 2,060 ኪሎ መሆኑ ነው። የማክሲው የኋላ አክስል የተፈቀደለት 2,400 ኪሎ ነው። እንዲህ ያለውን ቅያሪ በምንም መልኩ ቢያምር መግዛት አይገባም።

ስለዚህ ከመልኩም ከኢንቹም በፊት የሚታየው ኪሎው ነው። የዕቃ ቫን ግማሹን ዕድሜውን ባዶውን ይሮጣል፤ ካምፐር ግን ቆሞም እየሄደም እንደተጫነ ነው። ቁም ሣጥኑ፣ ባትሪው፣ ጋዙ፣ 100 ሊትር ውኃ ብቻውን 100 ኪሎ። ከግዢው በፊት መኪናውን ለጉዞ እንደሚወጣ ሞልቶ፣ ሰው አሳፍሮ፣ እያንዳንዱን አክስል ለየብቻ ማስመዘን ግድ ነው። የሚቻል ከሆነ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ማስመዘን ይሻላል፤ ምክንያቱም ወጥ ቤቱና የውኃ ጋኑ በአንድ ወገን ከሆኑ ጭነቱ እኩል አይከፈልም። የኋላ አክስል 2,100 ኪሎ ቢመዝን አንዱ ጎን 1,120 ሌላው 980 ሊሆን ይችላል፤ ጎማው የሚመረጠው ለ1,120ው ነው። በተጨማሪም ሚዛኑ ዝቅ ብሎ ቢገኝ እንኳ ጎማው በመኪናው የፋብሪካ መረጃ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው የአክስል ጣሪያ ማነስ የለበትም።

የጭነት ቁጥሮቹ እንዲህ ይነበባሉ፦ 108 ማለት 1,000 ኪሎ፣ 112 ማለት 1,120፣ 115 ማለት 1,215፣ 116 ማለት 1,250፣ 120 ማለት 1,400፣ 121 ማለት 1,450። ሁለት ቁጥር በእዝባር ተለይቶ ሲጻፍ ሁለተኛው ከኋላ መንታ ጎማ ላለው መኪና ነው። ቸርኬውም የራሱ ጣሪያ አለው፤ ከጀርባው በኪሎ ተቀርጾ ይገኛል። ያልተቀረጸበትን ቸርኬ፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢምል፣ አለመግዛት ነው። በጃፓን መመዘኛ ጄደብሊውኤል ለቤት መኪና፣ ጄደብሊውኤል-ቲ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የሚሰጥ ምልክት ነው። በተለይ ፎልክስቫገን ቲ5 እና ቲ6 ያላቸው ሰዎች እዚህ ይሳሳታሉ፤ የቡሎን ቀዳዳው 5 በ120 (አምስት ቀዳዳ በ120 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ) ስለሆነ የቢኤምደብሊው ቸርኬ ይገባል። መግባት ሌላ፣ መሸከም ሌላ። ለቤት መኪና የተሠራ ቸርኬ ለሙሉ ካምፐር አልታሰበም፤ የመሃል ቀዳዳውም የቢኤምደብሊው ብዙ ጊዜ 72.6፣ የፎልክስቫገኑ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ግን 65.1 ሚሊ ሜትር ነው።

ቁመት ለማስላት ካልኩሌተር ይበቃል። የጎማውን ስፋት በመቶኛው አባዝቶ እጥፍ ማድረግ፣ ከዚያ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝቶ መደመር። ለ235/65 አር 16 ብናየው 235 በ0.65 ሲባዛ 152.75፣ እጥፉ 305.5፣ 406.4 ሲደመርበት 711.9 ሚሊ ሜትር። ብዙ ሻጭ የማይናገረው ነገር፣ ከመሬት የሚገኘው ከፍታ የልዩነቱ ግማሽ ብቻ መሆኑን ነው። መርሴዲስ ስፕሪንተር ላይ ከፋብሪካው 235/65 ወደ 245/70 አር 16 ሲኬድ የጎማው ቁመት 37.5 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ የመኪናው ሆድ ከድንጋዩ የሚርቀው ግን በ19 ገደማ ነው።

አሁን ወደ ጎማዎቹ። ሚሽላን ክሮስክላይሜት ካምፒንግ በሲፒ የተሠራ ነው። ሲፒ ማለት ለካምፐር ተብሎ የተጠናከረ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ለረጅም ጊዜ መቆምን እንዲችል የታሰበ ጎማ ነው። የበረዶ ቅንጣት ያለበት የተራራ ምልክት ስላለው ለክረምትም ያገለግላል። ጉዞው አስፋልትና ደህና ጠጠር መንገድ ከሆነ ከዚህ በላይ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ሻካራ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች አይደርሱበትም። ጉድለቱ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ጥርሱ ቶሎ ይሞላል።

ጄኔራል ግራበር ኤቲ3 ለስፕሪንተርና መሰሎቹ በ235/65 አር 16 ሲ (ሲ የቫን ጎማ ምልክት ነው)፣ በጭነት ቁጥር 121/119 ይመጣል። ይህ ከፋብሪካው ጎማ ጋር አንድ ቁመት ነው፤ ስለዚህ ምንም ሳይቆረጥ፣ ፍጥነት መለኪያ ሳይዛባ፣ ቸርኬም ሳይቀየር የጭነት አቅሙ ከተለመደው 115 ወደ 121 ያድጋል። መልክም ከፈለጉ ጎኑ ሻካራ ነው። ለብዙ ካምፐር ባለቤት ትክክለኛው መልስ ይኸው ነው፤ ግን ትልቅ ስላልሆነ ማንም አያወራለትም።

ቢኤፍጉድሪች ኬኦ2፣ አሁን በኬኦ3 እየተተካ ያለው፣ ጎኑ ጠንካራ ነው፤ ሹል ድንጋይ ያለበት መንገድ ላይ ዋጋውን ያወጣል። በሌላ በኩል ከባድ ነው፣ በአስፋልት ላይ ይጮኻል፣ በእርጥብ አስፋልት ፍሬን ሲያዝ ከሲፒው ይልቅ ርቆ ይቆማል። ከሁሉ በላይ መጠኑን ሲመርጡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 245/70 አር 16 በ113/110 ይመጣል፤ ይህ 1,150 ኪሎ ነው። ለማክሲው የኋላ አክስል በአንድ ጎማ 1,200 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተለቅ ያለው ጎማ 50 ኪሎ ያንሳል! ጠበብ ያለው 225/75 አር 16 ግን 115/112 ስለሆነ 1,215 ይችላል። 245/75 አር 16 ደግሞ 120/116 ነው፤ ኪሎው ይበቃል፣ ጥያቄው ቦታው ነው።

እነዚህ ኤልቲ (ለቀላል ጭነት መኪና) የተባሉ የቢኤፍጉድሪች ጎማዎች አቅማቸው የሚቆጠረው በከፍተኛ ንፋስ ነው። የ225/75 አር 16ው 1,215 ኪሎ የሚገኘው በ5.5 ባር ነው። የመኪናው በር ላይ የተለጠፈው የንፋስ ቁጥር ለፋብሪካው ጎማ ስለሆነ ለኤልቲ እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ የጎማ ፋብሪካው የሚያወጣው የጭነትና የንፋስ ሠንጠረዥ ይታያል። ለሲፒ ጎማም በኋላ አክስል የሚመከረው 5.5 ባር ነው። ተራው የጎማ ቫልቭ ደግሞ የተሠራው እስከ 4.5 ባር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሞላ የብረት ቫልቭ ይገባል። ጎሚስታው አዲሱን ጎማ በአሮጌው የላስቲክ ቫልቭ ሊያስር ሲል ማስቆም ነው። ቸርኬውም ይህን ንፋስ እንደሚችል ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ አይከፋም።

ቸርኬ ሲመረጥ የቡሎን ቀዳዳው ብቻውን አይበቃም። ቀላሉ ዱካቶ፣ ፔጆ ቦክሰርና ሲትሮየን ጃምፐር 5 በ118 ሲሆኑ መሃላቸው 71.1 ነው፤ ከባዱ፣ ማለትም ማክሲው፣ 5 በ130፣ መሃሉ 78.1። ስፕሪንተር 6 በ130፣ መሃሉ 84.1። ፎርድ ትራንዚት 5 በ160፣ መሃሉ 65.1። ቶዮታ ሃይኤስ ባለ ስድስቱ 6 በ139.7፣ መሃሉ 106.1። አንዳንዶች 5 በ120 ቸርኬ 5 በ118 ሞዞ ላይ ተንቀሳቃሽ ራስ ባለው ቡሎን ያስራሉ። በቤት መኪና ላይ ሲደረግ ይታያል፤ ሦስት ቶን ተኩል ላይ ግን ቡሎኑ የማይገባውን ሸክም እንዲሸከም ማድረግ ነው። የመሃል ቀዳዳው ከሞዞው ከሰፋ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ይገባል፤ ያለዚያ መሪው በተወሰነ ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጎሚስታውም ባላንስ እየደጋገመ ይቸገራል።

ኢቲ የሚባለው ቁጥር ቸርኬው ሞዞ ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከስፋቱ መሃል ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የማክሲው የፋብሪካ ቸርኬ 6 ጄ (ስፋቱ 6 ኢንች)፣ ኢቲ 68 ነው። በምትኩ 7 ጄ፣ ኢቲ 50 ቢገባ የውጭው ጠርዝ በ31 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የውስጡ ጠርዝ ደግሞ ከአሞርቲዛተሩ በ5 ሚሊ ሜትር ይርቃል። 31 ሚሊ ሜትር በእያንዳንዱ ጎን ብዙ ነው፦ ጎማው ከፓራፋንጎው አልፎ ጭቃውን በጎኑ ላይ ይረጫል፣ ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ መሪውም ጎድጓዳ ላይ ይጎተታል። ተንሸራታቹ በር ወደ ኋላ ሲከፈት ጎማውን እንዳይነካም መታየት አለበት። የቸርኬው ስፋትም ለጎማው መስማማት አለበት፤ 245/70 አር 16 ቢያንስ 6.5 ጄ ይፈልጋል። የስፕሪንተሩ 6.5 ጄ ይቀበለዋል፣ የማክሲው 6 ጄ አይቀበለውም።

ቁመት ሲጨምር መኪናው ይለወጣል። ስፕሪንተር ላይ 245/70 በ5.3 በመቶ፣ 245/75 በ8.7 በመቶ ከፋብሪካው ይረዝማሉ። እስከ 5 በመቶ ገደማ ያለው ይታገሱታል። ከዚያ ሲያልፍ እያንዳንዱ ማርሽ እንደረዘመ ይቆጠራል፤ በዳገት ላይ ተነሥቶ ለመሄድ ፍሪሲዮን ይቃጠላል፣ ለተመሳሳይ የፍሬን ግፊትም ጎማው መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት በዚያው መጠን ያንሳል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዲያሳይ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች ትንሽ አብልጠው ያሳያሉ። ረጅሙ ጎማ ያንን ትርፍ ይበላዋል፣ 8.7 በመቶ ሲሆን ደግሞ አልፎት ሊሄድ ይችላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አሳንሶ ስለሚቆጥር ነዳጅ የጨመረ ይመስላል። በእርግጥም ይጨምራል፤ ነገር ግን ከሚታየው ጭማሪ ከፊሉ የቆጣሪው ነው። ከማማረር በፊት ርቀቱን በጂፒኤስ ማረጋገጥ ነው።

የመፋተግ ፈተናው መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ካልተደረገ ዋጋ የለውም። የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክና የጭቃ መከላከያውን በጠመኔ መቀባት፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሮ በዝግታ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መንዳት፣ በመጨረሻም አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ አውጥቶ መድገም። ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚነካው የፊት ጎማ ጀርባ ላይ ያለው የፕላስቲኩ ማዕዘንና የጭቃ መከላከያው ነው፤ ፕላስቲኩን ማሞቅና መግፋት ወይም መቁረጥ ይቻላል። የሚነካው ላሜራ ወይም የፍሬን ቱቦ ከሆነ ግን ጎማው ትልቅ ነው፤ ሌላ መጠን መፈለግ ነው።

ቡሎን ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የመቀመጫው ቅርጽ ነው፦ ሾጣጣው ለሾጣጣ፣ ድቡልቡሉ ለድቡልቡል። ሲቀላቀሉ ቡሎኑ በቀጭን መስመር ብቻ ያርፍና ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይላላል። ሁለተኛው ርዝመት ነው፤ አሎይ ከላሜራ ስለሚወፍር ረዘም ያለ ቡሎን ይፈልጋል። በግምት የሚገባው ጥርስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መሆን አለበት፤ 14 ሚሊ ሜትር ቡሎን በ1.5 ጥርስ ቢያንስ 9 ዙር። ማጥበቂያው በዱካቶ ለ15 ኢንች 160፣ ለ16 ኢንች 180 ኒውተን ሜትር፤ በስፕሪንተር ለላሜራ ቸርኬ 240፣ ለአሎይ 180 ነው። የቸርኬው ፋብሪካ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእሱ ይቀድማል። በአየር መፍቻ አጥብቆ መተው አይደለም፤ መጨረሻው በቶርክ ቁልፍ ነው፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ይደገማል።

ስኮርታው ይረሳል። አራቱ ጎማ ሲረዝም አምስተኛው ካልረዘመ፣ የሚነዳው አክስል ላይ ሲገባ ዲፈረንሻሉ ሁለት የተለያየ ቁመት ይዞ ይሠራል። ትልቁ ጎማ ደግሞ ከሆዱ በታች ባለው ማቀፊያ ውስጥ ላይገባ ይችላል፤ ከግዢው በፊት ቦታውን በሜትር መለካት ይገባል። ስኮርታው ላሜራ ሆኖ ከቀረ አጫጭሮቹ የቀድሞ ቡሎኖች ከክሪኩ ጋር በከረጢት ይቀመጡ፤ ረጃጅሞቹ የአሎይ ቡሎኖች ላሜራው ላይ ሲገቡ ከኋላ አልፈው የፍሬኑን ውስጥ ሊመቱ ይችላሉ።