ለግቢዎ የጠጠርና አሸዋ ድብልቅ ወይስ አርማታ?

ሁለቱም ውስጥ ጠጠርና አሸዋ አለ። የሚለያዩት በማሰሪያው ነው።

ድብልቅ፦ ጠጠሩና አሸዋው አንድ ላይ ይደፋሉ እንጂ አይያያዙም። በወንፊት መልሰው መለየት ይችላሉ። ርካሽ ነው፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ውሃ ያሰርጋል። ተዳፋት ላይ ግን የክረምት ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል።

አርማታ፦ ይህ ኮምፖዚት ነው፤ ማለትም የተለያዩ ነገሮች ተያይዘው የሚሠሩት ጥምር ቁስ። ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ሲጠነክር ጠጠሩንና አሸዋውን አስሮ ይይዛል፤ ለየብቻቸው የሌላቸውን ጥንካሬ አብረው ያገኛሉ። ጭነት በደንብ ይችላል፤ ሲጎተት ወይም ሲጎብጥ ግን ይሰነጠቃል። ፌሮ የሚገባው ለዚህ ነው። ብረቱና አርማታው በሙቀት የሚለጠጡት በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ አይላቀቁም። ወጪው ከበድ ይላል። ከተሞላ በኋላ ለ7 ቀን ያህል ውሃ ማጠጣት አለ፤ እባክዎ ይህን አይዝለሉ!

ገና ቧንቧ የሚቀበርበት ግቢ ከሆነ ጠጠሩ ይሻላል። መኪና የሚገባበት ወይም ተዳፋት ከሆነ አርማታ።